ደጅ ያልተጠናበት ረግረግ

ደቡብ ዳኮታ
እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2003

ለልጄ ለሶልቬግ ቶለፍሰን፤

ብዕሩን የያዘችው ዳርሊን ናት፤ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለችው፣ የጌሪ ሚስት። ሐሙስ ሐሙስ የድንች ምግብ ጋግራ ትመጣልኛለች። ደብዳቤ ካለ ታነብልኛለች፣ መልስ ካለኝ ትጽፍልኛለች። ቃሉ የእኔ የኤሚል ግላንዘር ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከፈረስ ኋላ አቆመኝ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ጽሕፈቷ ካላማረሽ ስድቡ ወደ እኔ እንዳይመጣ ነው።

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? የአሪዞና ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። በየካቲት አባትሽን ቀብረን ከተለያየን ወዲህ አንድም ቃል ሳልልክልሽ መቆየቴን ይቅር በዪኝ። የምለው አልነበረኝም። የአደን ጓዴ አርቪድ የለም፤ ይኸው ነው። ይህችን ብቻ ለማስጻፍ ሰው አላስቸግርም ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የአባትሽ ውሻ ሄልጋ አርጅታለች፣ ከዚህ መኸር ሌላ መኸር አታይም፣ አባቴ ያድን በነበረበት ቦታ አንድ ፌዛንት የሚባለውን የዱር ወፍ እንድታስነሣ ልውሰዳት ብለሻል። ደግ አስበሻል። ከዚያ ቀጥለሽ ደግሞ ቦታውን ካርታ ላይ ምልክት አድርግልኝ ብለሻል። ይህ ጥያቄ ከሌላ ሰው ቢመጣ ኖሮ ወረቀቱን ለምድጃ እሰጠው ነበር። ልጄ፣ ሰው ሚስቱን የት እንዳገኘ ይናገራል፤ ፌዛንቱን የት እንዳገኘ አይናገርም። በዚያ ላይ የዳርሊን ባል አዳኝ ነው። ይህን ስትጽፍ እየሳቀች ነው። ትሳቅ። የቦታው ስም ከአፌ በወጣ በሳምንቱ የጌሪ ፒካፕ እዚያ ቆሞ አገኘዋለሁ።

ቦታውን ባልነግርሽም አፈላለጉን እነግርሻለሁ። የሕዝብ መሬት ላይ ማደን ተከፍሎ እንደሚገባበት እርሻ አይደለም። እዚያ ወፉን በማለዳ ከሳጥን አውጥተው ይበትኑልሻል፤ ጅራቱን የሳጥኑ ሽቦ በልቶት ቆራጣ ነው፣ ካልረገጡት አይነሣም። የዱሩ ግን እግር አለው። ከመኪና ወርደሽ በሩን ጓ ካደረግሽው፣ አንቺ ጥይት ሳታጎርሺ እሱ በወዲያኛው ጫፍ ወጥቶ የጎረቤት በቆሎ ውስጥ ገብቷል። በሩን በዳሌሽ ገፋ አድርገሽ ዝጊው። ውሻዋን በስሟ አትጥሪያት። ነፋሱን ፊትሽ ላይ አድርጊ።

ሰው ሁሉ መኪናውን ካቆመበት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲደክመው ይመለሳል። ወፉ ይህን ያውቃል። ሰው የሚደክምበትን ቦታ ለይቶ ያውቀዋል፤ ከዚያ ትንሽ ወዲያ አለፍ ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ሲደክምሽ ያን ጊዜ ጀመርሽ ማለት ነው። በቆሎ፣ ሳርና ፊላ ሦስቱ የሚገናኙበትን ማዕዘን ፈልጊ። በበቆሎው ይበላል፣ በሳሩ ይውላል፣ ብርዱ ሲጠና በፊላው ያድራል። አደኑ በተከፈተ ሰሞን የከተማው ሰው ይተራመስበት። ረግረጉ በረዶ ሠርቶ ሰው ሲሸከም ያን ጊዜ ነው የእኛ ጊዜ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብሽ ውስጥ አኑሪ። እኔና አባትሽ ሠላሳ ዓመት ስናድን የማንንም ደጅ አልጠናንም። ሌላው በየእርሻው በር ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ «ቅር ካላለህ፣ ከፈቀድክ» ሲል፣ እኛ የሕዝብ መሬት ላይ ነበርን። የሕዝብ ማለት የእኔም ማለት ነው። ግባ የሚለኝ የለም፣ ውጣም የሚለኝ የለም። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም፤ ይህን ግን ማንም አይወስድብኝም።

አሁን ዳርሊን ታነብልኛለች። ካልጣመኝ ይቀደዳል፤ ከደረሰሽ ግን ጥሞኛል ማለት ነው።

ኤሚል

—

መስከረም 25 ቀን 2003

ለልጄ ለሶልቬግ፤

አሁንም ዳርሊን ናት የምትጽፈው። ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሄልጋ ዳገት ላይ የኋላ እግሯን እየጎተተች መሆኑን ሰማሁ። ጠዋት ጠዋት ወገቧን እሺላት፤ በእጅ እንጂ በመድኃኒት አይደለም።

አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይ ላልሽው፣ ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ላስጽፍልሽ ነበር። ዳርሊን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «የእርስዎ ጉልበት የበሬ ጉልበት ነው። እኔ ውሸት አልጽፍም፣ ከፈለጉ ራስዎ ይጻፉት» አለችኝ። አየሽ እንዴት እንደምትንቀኝ? እሺ። ዓይኔ ነው።

ቅርጽ አያለሁ። ቀለም ግን ጥሎኝ ሄዷል። ወፍ ከፊላው ሲነሣ አየዋለሁ፤ አውራ ይሁን ሴቴ አልለይም፣ ሁሉም ጥቁር ጨርቅ ነው። የአርቪድ ልጅ ነሽና ሕጉን ታውቂያለሽ፤ አውራው ይመታል፣ ሴቴዋ አትነካም። ከሕጉም በላይ ነውር ነው። ሴቴ የመታ ሰው ለዓመት ቀና ብሎ ሰው ፊት አይቀመጥም። ያለፉትን አራት መኸሮች ያደንኩት በአባትሽ ዓይን ነው። ወፉ ሲነሣ እሱ «አውራ!» ካለ እተኩሳለሁ፣ «ሴቴ!» ካለ አፈሙዙን ወደ መሬት እመልሳለሁ። አልጠየቅኩትም፣ አልተጠራጠርኩትም። ጣቴ ከአፉ ጋር የታሰረ ያህል ነበር።

እንግዲህ እኔን ይዘሽ ለመግባት ከፈለግሽ ጠመንጃ መያዝ ብቻ አይበቃሽም፤ መጥራት አለብሽ። አውራው ብዙ ጊዜ ሲነሣ እየተሳደበ ነው የሚነሣው፣ ድምፁ ይነግርሻል። አንዳንዱ ግን አፉን ዘግቶ ይወጣል። አንገቱ ላይ ነጩን ቀለበት ካላየሽ አውራ አትበዪ። ከተጠራጠርሽ ሴቴ በዪ። በሴቴ ስም ያመለጠ አውራ ለከርሞ ይቆየናል፤ በአውራ ስም የሞተች ሴቴ ግን አትመለስም።

ቦታውን ደግሞ እንዲህ እነግርሻለሁ። ልጅ ሳለሽ፣ አባትሽ አንድ ጫማውን ጭቃ ውጦበት በካልሲ ቤት የገባ ቀን፣ እናትሽ በጓሮ አቁማ በባልዲ ውኃ የደፋችበት፣ ትዝ ይልሻል? በማግሥቱ ጫማውን ሊፈልግ አንቺን ይዞሽ ሄዶ ነበር። በቃ፣ እዚያ ነው። ዳርሊን «ያንን የጫማ ታሪክ እኮ እኔም ሰምቻለሁ» አለች። የት እንደሆነስ ሰምተሻል ብላት አልሰማሁም አለች። እንኳን አልሰማሽ።

በጠጠሩ መንገድ ማዕዘን ላይ የዝይ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ታገኛለሽ። ይኸ የመንግሥት ነው፤ ዝይ ለማወቅ ፊደል አያስፈልገኝም። ከዚያ ወደ ደቡብ ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ሥሩ ሁለተኛ ሰሌዳ አለ። እሱ ጽሑፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሄድን ቀን አባትሽ አንብቦልኛል፤ «የሕዝብ መሬት ነው፣ ግቡ፣ በሩን መልሳችሁ ዝጉ» ይላል። ወፉ ያለው ከዚህ ከሁለተኛው ሰሌዳ ወዲያ ነው። ስታልፊ በእጅሽ መታ አድርጊው። እኔ ሁልጊዜ አደርጋለሁ፣ ለገድ።

የአባትሽን ቤት ሽያጭ ለመፈረም በጥቅምት መጀመሪያ ለሁለት ቀን እመጣለሁ ላልሽው፣ በዚያ ሳምንት ሰፈር ውስጥ አልኖርም። ጉዳይ አለኝ። ዳርሊን ቀና ብላ እያየችኝ ነው። ጉዳይ አለኝ ብያለሁ፣ እሱን ጻፊ።

ኤሚል

—

ቱሳን፣ አሪዞና
ጥቅምት 11 ቀን 2003

ለውድ አጎቴ ኤሚል፤

ይህን ለምታነብልዎት ለዳርሊንም ሰላምታዬ ይድረሳት። ዳርሊን፣ እባክሽ ሁሉንም አንብቢላቸው።

እንደምን ሰነበቱ? ቤቱ ተሸጠ። ማክሰኞ ጠዋት ደጅዎን አንኳኳሁ። ዳርሊን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ለዓይንዎ ሐኪም ቤት እንደተኙ ነገረችኝ። «ጉዳይ» ያሉት ይህን ነበር እንዴ? ብነግራት ትመጣብኛለች ብለው ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ አውቅዎታለሁ። ሐኪሙ ምን አለ?

በዚያው ከሄልጋ ጋር ጫማው ወደቀረበት ቦታ ሄድኩ። ጠመንጃ አልያዝኩም፣ ለማየት ብቻ ነው። ዛፉ እንዳሉት ነው። ሄልጋ ከመኪና እንደወረደች ሌላ ውሻ ሆነች። ወገቧንም ረሳችው፣ እኔንም ረሳችኝ። ሁለተኛው ሰሌዳ ጋ ስንደርስ ገመዱን ጎትታ ልታልፍ ፈለገች። እኔ ነኝ የቆምኩት።

አጎቴ ኤሚል፣ ይህን በምን መንገድ ብነግርዎት እንደሚሻል እያሰብኩ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ሰሌዳው የሚለው እንዲህ ነው፦ «ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ዋልተር ክሬንዝ።» ሌላ ቃል የለበትም። ስለ በርም አያወራም።

ወደ ክሬንዝ ቤት ሄድኩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው። የአርቪድ ልጅ ነኝ ስላቸው ወንበር ሳቡልኝ። አባቴ በየዓመቱ አደኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው እዚያ በር ላይ ይቆም ነበር አሉ። «ለሁለት ሰው» ይላቸዋል። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። አንድ ዓመት «ለምን ራሱ አይመጣም?» ሲሉት አባቴ የመለሰላቸውን ቃል በቃል ነገሩኝ፦ «እሱ ከመጣ አይለምንህም። ካልለመነህ አትፈቅድለትም። ካልፈቀድክለት አይገባም። እሱ ካልገባ እኔ ብቻዬን እዚያ ረግረግ ውስጥ ምን እሠራለሁ?»

ባዶ እጁንም አይመጣም ነበር። የባለቤትዎን የሊዲያን ኩሄን ይዞ ነበር የሚመጣው። ክሬንዝ ያንን የፍራፍሬ ዳቦ እስካሁን ያነሣሉ። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ከሱቅ ገዝቶ መምጣት ጀመረ። «ካርቶን ካርቶን ይል ነበር፣ ግን በላሁት» አሉኝ።

እኔ ፈቃድ አልጠየቅኩም። ለእርስዎ ልጠይቅልዎት ይገባኝ እንደሆነ አላወቅኩም፤ አባቴም ይህን ማድረግ ይገባው እንደሆነ አላውቅም። ግን እርስዎ ከሌሉ እኔ አውራ ብዬ ለማን ልጥራ?

የእርስዎው ሶልቬግ

—

ደቡብ ዳኮታ
ጥቅምት 23 ቀን 2003

ለሶልቬግ፤

ዳርሊን ናት፤ ተኮራርፈን ነው የምንጽፈው።

ባለፈው ሐሙስ ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ነበር፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ሄልጋ ገመድ ጎተተች የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ ጣቷን አነሣችና ወረቀቱን ገለበጠችው። ፊደል አላውቅም እንጂ ይህን አውቃለሁ። ውሻ አፍንጫዋ አንድ ነገር ላይ ወድቆ፣ አልሸተተኝም ብላ ልታልፍ ስትል ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

«ተመለሽ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ወደዘለልሽው።»

«ምንም አልዘለልኩም፣ ኤሚል።»

«ዳርሊን፣ እዚያ ውስጥ ወፍ አለ» አልኳት።

አነበበችው። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው አለች። አባትሽም እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። እኔ በዚህ ምድር ላይ እንዳይከፋኝ ስንት ሰው ሲደክም እንደኖረ አሁን ገና ነው ያወቅኩት።

ክሬንዝን ለምን እንደማልለምን ካላወቅሽ ልንገርሽ። ጎረምሳ ሳለሁ ነው፣ እህል መጋዘኑ ውስጥ፣ ሰው ሞልቶ። ክሬንዝ ወረቀት አቀበለኝና «ኤሚል፣ እስቲ የዛሬውን የስንዴ ዋጋ አንብብልን» አለኝ። ዋጋውን ስገባ ሰምቼው ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንድም ቁጥር አልሳትኩም። ወረቀቱ ግን ተዘቅዝቆ ነበር። ሳቁ እስከ ባቡር ሐዲዱ ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሬንዝን ሰዓት ስንት ነው ብዬ እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

አሁን አስቢው። በዚያ ሰው ስም ላይ ሠላሳ ዓመት ጠመንጃዬን አስደግፌያለሁ። የገደልኩትን ወፍ ሰቅዬበታለሁ። ለገድ ብዬ እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አድርጌዋለሁ። ሊዲያም ታውቅ ነበር። ያ ኩሄን ለማን ነው ስላት «ለአርቪድ ነው፣ ሆዳም ነው» ትለኝ ነበር። አባትሽ እኮ እንደ አጥር እንጨት የቀጠነ ሰው ነበር። እኔ አልገባኝም።

ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ አንድ ነገር አለ፣ እንቅልፍ የነሣኝ። ሰሌዳውን ዋሽቶ ካነበበልኝ፣ ወፉንስ? አውራ ብሎኝ የተኮስኩት ሁሉ አውራ ነበር ወይ? የወደቀውን የሚያነሡት ሄልጋና እሱ ነበሩ። የማያስከፋ ነገር መናገር የለመደ ሰው፣ ይህ ሽማግሌ አንድ ቀን እንዲተኩስ ብሎ ሴቴዋን አውራ ብሎኝ እንደሆነስ?

ቅዳሜ አደኑ ተከፈተ። ቤቴ ተቀምጬ የሌላውን ተኩስ ስሰማ ዋልኩ። ሐኪሙ ቀለሙ አይመለስም ብሏል፤ ጉዳዩ ይኸው ነበር።

እኔ አልሄድም። አንቺ ሄልጋን ይዘሽ ዝዩ ያለበትን የመንግሥቱን ወገን ፈልጊ። ከሰሜን አትግቢ፣ ሁሉም ከሰሜን ነው የሚገባው። በምሥራቁ ቦይ ዙሪ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፤ ያን ጊዜ ከበቆሎው ወደ ማደሪያው ይመለሳል። የምነግርሽ በአንቺ ስላልተከፋሁ ነው።

ኤሚል

—

ኅዳር 13 ቀን 2003

ለልጄ ለሶልቬግ፤

ዳርሊን ናት፤ ታርቀናል። እንደምን ሰነበትሽ?

ደብዳቤሽ አጭር ነበር፤ ደግ አደረግሽ። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን የማውቅበት መንገድ የለም ወይ ነው ያልሽኝ። የለም ልልሽ ነበር። ከዚያ ምግቤን ትቼ ተነሣሁ።

ጎተራዬን ታውቂዋለሽ። የመታሁትን ወፍ ሁሉ አንዱን እግር በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በምስማር እመታለሁ። ሊዲያ ሽታውን ትጠላው ነበር፣ «የሰው ባል ሥዕል ይሰቅላል» ትለኝ ነበር። አባትሽ ወፉን ከውሻዋ አፍ ተቀብሎ ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔ እግሩን ቆርጬ ኪሴ እከተዋለሁ፣ ማታ እመታዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ እንጂ አስቤበት ዳብሼው አላውቅም። አውራው ከተረከዙ በላይ ሹል ጥፍር አለው፤ ሴቴዋ የላትም። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።

በመጨረሻ ከመታኋቸው ጀመርኩ፤ አባትሽ ዓይን ሆኖኝ የነበረባቸውን ዓመታት። አንዱን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፣ ሹል ነው። ሁለተኛውን፣ ሹል ነው። የአንዱ አጭር ነበር፣ ደግሜ ዳበስኩት፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ጫጩት አውራ ነው፣ ጉጡ ገና መውጣቱ ነበር፣ ግን ነበር። እስከ ግድግዳው ጫፍ ሄድኩ። ጣቴ ደማ። ጥፍር የሌለው አንድም እግር የለም፣ ሶልቬግ። አንድም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። አባትሽ በሰሌዳ ዋሽቶኛል፤ በወፍ አልዋሸኝም። እዚያ ጎተራ ውስጥ ቆሜ የትኛውን ብመርጥ እንደሚሻለኝ አሰብኩ። በሰሌዳ እውነት ነግሮኝ በወፍ የሚዋሸኝ ሰው ነበር የማልምረው።

ደግሞ ደጅ አልጠናሁም እያልኩ ነበር አይደል? ተጠንቷል። አርቪድ ነው የጠናልኝ። በሰው በር ቆሞ ለሁለት ሰው ሲል፣ ለራሱ ብቻ ቢጠይቅ በቀለለው ነበር። እኔ ቀና ብዬ ሄድኩ፣ እሱ ለሁለታችን ጎነበሰ። አሁን እሱ የለም፤ ተራው የማን ነው?

ዳርሊን ኩሄን ጋገረች። የሊዲያን አልደረሰም። ጻፊው፣ ዳርሊን፣ እውነት ነው። ሰኞ ዕለት በእሷ መኪና ሄድን። ክሬንዝ በሩን ራሱ ከፈተ። አርጅቷል፣ ከእኔ ይብሳል።

«ኤሚል፣ ምን እግር ጣለህ?» አለኝ።

«ሰሌዳህ ተነበበልኝ» አልኩት።

«ምን ይላል?»

«ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው ይላል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ላስፈቅድ መጣሁ።»

እጄን አየ። ባርኔጣዬ በእጄ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም።

«ለስንት ሰው?» አለ።

«ለሁለት። ውሻም አለች።»

«አርቪድም ለሁለት ነበር የሚለኝ» አለ። ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ሳህኑን አየ። «ይህ የሊዲያ አይደለም።»

«የእኔ ነው» አለች ዳርሊን።

«ያስታውቃል» አላት። ይህችን ለመጻፍ ብዕሩን እንዴት እንደጨበጠችው ብታዪ።

ተቀመጥን። «ያ ወረቀት፣ ያ ዘቅዝቄ የሰጠሁህ» አለኝ ክሬንዝ። «አነበብኩት እኮ» አልኩት። «አንድ ቁጥር አልሳትክም» አለ። ሳቅን። ዕርቅ ነው አልልሽም፤ ሳቅ ነው።

ልንወጣ ስንል መለስ አደረገኝ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ረግረጉ ሕዝብ ሁሉ በእግሩ ገብቶ የሚያድንበት እንዲሆን ከመንግሥት ሰዎች ጋር ተፈራርሟል። ሰሌዳው ይነሣል፣ አዲስ ይተከላል። «አንድ ዓመት ብትታገሥ እኔን መለመን አያስፈልግህም ነበር» አለኝ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» አልኩት።

«ለምነህ እስክትጨርስ ነበር የጠበቅኩህ» አለ።

ክሬንዝ ያው ክሬንዝ ነው። እንግዲህ ከከርሞ ጀምሮ ያ ቦታ የሕዝብ መሬት ነው፣ ግቡ ሊል ነው። አባትሽ ቀድሞ አነበበው ማለት ነው። በሩን መልሳችሁ ዝጉ የሚለውን ግን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ እዚያ በር የለም እኮ። ሠላሳ ዓመት ይህንንም ልብ አላልኩም።

በዚህ ወር መጨረሻ፣ በምስጋናው በዓል ሳምንት ነይ። በረዶው ያን ጊዜ ሰው ይሸከማል፣ ሄልጋንም ይሸከማል። ለእግሯ የቆዳ ጫማ ይዘሽላት ነይ፣ በረዶው ጣቷ መሃል እንዳይቋጥር። መኪናውን ከዛፉ ርቀን እናቆማለን። በሩን በዳሌ ነው የሚዘጋው፣ አትርሺ። ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ቆመሽ አንብቢልኝ፣ ጮክ ብለሽ፣ እንደተጻፈው። እኔም መታ አደርገዋለሁ፤ አሁን የማንን ስም እንደምመታ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ወፉ ሲነሣ በሙሉ ድምፅሽ ጥሪ። ያልሽውን እሰማለሁ፣ ያልሽውን አደርጋለሁ። ከተጠራጠርሽ ሴቴ በዪ፣ አንዳቸውንም ባንመታ አይከፋኝም።

ዳርሊን ለጌሪ የቦታውን ስም ብትነግረው ከከርሞ ጀምሮ አልቆጣም፤ ዘንድሮ ግን እቆጣለሁ። ይህንንም ጻፊ።

በቃኝ። አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ ዳርሊን። ስለ ጎተራውም፣ ስለ ባርኔጣውም፣ ስለ ኩሄንሽም። ጣትሽ እየታየኝ ነው፤ የወረቀቱ ጫፍ ሳይደርስ እንዳትገለብጪው።

ኤሚል ግላንዘር